«ፓምፑ ተቃጥሏል» ሲሉዎት «ለክታችሁታል?» ብለው ይጠይቁ

አሮጌ መኪና አልነሳም ሲል በነዳጅ ፓምፕ ላይ ብቻ መፍረድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎትን እነሆ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በአፉላ ኢሊት ከቤታችን በታች ካለው መኪና ማቆሚያ የሞተሪኖ ድምፅ ሰማን። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። በመስኮት ስናይ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ይሠራሉ። አውቶቡስ ተሳፍረው በሰዓቱ መድረስ ስለማይችሉ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች ትንሽ የቤንዚን መኪና አላቸው። ያን ዕለት ከሥራ ቀሩ። በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ ሲቀሩ የሥራ ኃላፊያቸው «ሦስተኛ እንዳይሆን» አላቸው።

መኪናዋን ያስጎተቱበት የመጀመሪያው ጋራዥ አንድ ጊዜ ቁልፍ አዙሮ፣ አንድ ጊዜ ኮፋኖውን ከፍቶ «ማሽአቫት ዴሌክ ነው፣ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለ። የጠየቀው ዋጋ ከወር ደሞዛቸው ሩብ የሚሆን ነበር። ምንም ነገር አልተለካም። እሳቸውም «እሺ» ሊሉ ሲሉ፣ ልጃቸው «አባባ፣ አንድ ቀን እንታገሥ፣ ሌላ ሰው ይየው» ብላ ያዘቻቸው።

ሁለተኛው ባለሙያ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። መለኪያውን አውጥቶ ከባትሪው 12.4 ቮልት አገኘ። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ፓምፑ ጋ በሚደርሰው ሽቦ ላይ ሲለካ ግን የቀረው 7 ቮልት ብቻ ነበር። ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ሲሰጠው ፓምፑ ወዲያው ተንሰቀሰቀ፤ የቤንዚኑም ግፊት ሙሉ ሆነ። «አባባ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው። ምግብ የከለከለው ሽቦው ነው» አላቸው። ጥፋቱ የተገኘው ከብዙ ዓመት በፊት ኮዳኒት ሲገጠም በተቆረጠና በተቀጠለ ሽቦ ላይ ነው። ቅጥሉ አረንጓዴ ዝገት ይዞ፣ በሙቀትም ጠቁሮ ነበር። ሽቦው ታደሰ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ የከፈሉትም የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠየቀው ጥቂቱን ነው።

ይህን የምንጽፈው ሁሉም ጋራዥ ያታልላል ለማለት አይደለም። ፓምፕ በእርግጥም ይሞታል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ አዘውትሮ ይሞታል። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ፓምፕ በግምት አይቀየርም፤ ተለክቶ ነው። ልኬቱ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ግምቱ ግን የወር አስቤዛ ሊበላ ይችላል።

ፓምፑ የት ነው? ምንስ ይሠራል?

በሀገር ቤት መኪና የነዱ አባቶቻችን የሚያውቁት ፖምፓ ሌላ ነው። በእነ ላዳና በድሮ ፊያቶች ላይ ፖምፓው ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ፣ በሞተሩ ዙር እየተገፋ ቤንዚን ወደ ካርቡራተር ይልክ ነበር። በሙቀት አልሠራ ሲል እርጥብ ጨርቅ ይደረግበታል፣ ቱቦው ይነፋል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ሁሉም ነገር በዓይን ይታይ ነበር።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በስፋት የመጡት መኪኖች ካርቡራተር የላቸውም። ቤንዚኑ በኢንጀክተር ይረጫል፣ ለዚያም ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፓምፑ የኤሌክትሪክ ሆነ፤ ቦታውም በአብዛኛው በቤንዚን መያዣው በሰርባቶዮው ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረስበት ከኋላ ወንበር ሥር ባለ ክዳን ነው፤ በአንዳንድ መኪና ግን ሰርባቶዮው መውረድ አለበት። የሥራ ዋጋው ከመኪና መኪና የሚለያየው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ቦታ ሲዞር፣ ሞተሪኖው ሳይነካ፣ የመኪናው ኮምፒዩተር ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያስነሳና ያጠፋዋል። ይህ መስመሩን በግፊት ለመሙላት ነው። ከዚያ ሞተሩ ሲዞር ኮምፒዩተሩ «ሞተሩ እየዞረ ነው» የሚል ምልክት ይደርሰዋል፣ ፓምፑንም እንደገና ያስነሳዋል። ምልክቱ ካልመጣ ፓምፑን አያስነሳም። ይህ የተደረገው ለደህንነት ነው፤ መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም ፓምፑ ቤንዚን ማፍሰሱን እንዳይቀጥል ነው።

የሚደክም ፓምፕ ምልክቶች

ፓምፕ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም፤ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ጥሩ ፈተና አለ፤ ከአፉላ ከተማ ወደ ጊቫት ሃሞሬ ተዳፋት የሚያወጣው ዳገት ነው። በሜዳ ላይ ደህና የምትሄድ መኪና ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረገጥላት ከተንዘፈዘፈችና ኃይል ካጣች፣ ቤንዚን በበቂ አልደረሳትም ማለት ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

— በበጋ ሙቀት ረጅም መንገድ ከተሄደ በኋላ ሞተሩ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ ሲሞከር ይነሳል።
— ጠዋት ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ ካልዞረ አይነሳም።
— ከኋላ ወንበር በኩል ከወትሮው የበረታ ጩኸት ወይም የማፏጨት ድምፅ ይሰማል።
— የቆመው መኪና ሰርባቶዮው ከሥር በእጅ ሲመታ ይነሳል። ይህ የፓምፑ ሞተር እንዳረጀ ያመለክታል። አንድ ጊዜ ቤት ሊያደርስ ይችላል፤ ጥገና ግን አይደለም።

ልብ ይበሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ በተደፈነ ፊልትሮ፣ በደከመ ካንዴላ ወይም በተበላሸ ሽቦም ይመጣሉ። ምልክት ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

በቤትዎ ደጅ ሊያዩት የሚችሉት

መሣሪያ ሳይዙ፣ ምንም ነገር ሳይፈቱ፣ በቅደም ተከተል ይህን ማየት ይቻላል። ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ ቢያግዝዎ ይበልጥ ይቀላል።

አንደኛ፣ ቤንዚን አለ? የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን በአሮጌ መኪና የቤንዚን መለኪያው ይዋሻል። ሩብ እያሳየ ባዶ የሆነ ሰርባቶዮ ብዙ ሰው አስጎትቷል። ለቤንዚን በተሠራ መያዣ ጥቂት ሊትር ጨምረው ይሞክሩ።

ሁለተኛ፣ ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል? «ቀጭ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ወይም እየተጎተተ ከዞረ፣ ጉዳዩ ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ነው። ፓምፑን አይውቀሱ።

ሦስተኛ፣ ያዳምጡ። ሬዲዮና ማራገቢያ ይጥፉ። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ወይም በቤንዚን መሙያው በኩል ጆሮውን ያቅና። ሌላው ቁልፉን ወደ መጀመሪያው ቦታ ብቻ ያዙር። ሁለት ሰከንድ የሚቆይ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ መብራት ፓምፑ ጋ እየደረሰ ነው። ካልተሰማ ቁልፉን አጥፍተው ጥቂት ቆይተው ይድገሙ። አንዳንድ መኪኖች ሞተሪኖው ካልዞረ ፓምፑን ስለማያስነሱ፣ ዝምታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ድምፁ መሰማቱም ሙሉ ምስክር አይደለም። የደከመ ፓምፕ ድምፅ እያሰማ በቂ ግፊት ላይሰጥ ይችላል።

አራተኛ፣ የኮዳኒቱ መብራት ምን ይላል? በዚህ አገር በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከስርቆት ለመከላከል ኮዳኒት ከውጭ ተገጥሟል። ብዙዎቹ የሚሠሩት የፓምፑን ወይም የሞተሪኖውን ሽቦ በመቁረጥ ነው። ቁጥሩ በትክክል ተጭኖ መብራቱ ካልተለወጠ፣ ፓምፑ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ኮዳኒቱ ይመርመር። በጎረቤታችን መኪና የሆነው ከዚህ የራቀ አልነበረም።

አምስተኛ፣ ፊውዙ፣ አባቶች ቫልቮላ የሚሉት። የትኛው የፓምፑ እንደሆነ በክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ብቻ ይተኩት። አዲሱም ከተቃጠለ ከፍ ያለ ቁጥር ፈጽሞ አያስገቡ፤ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል ማለት ነው፣ ከፍ ያለ ፊውዝም እሳት ያስነሳል።

ስድስተኛ፣ በአንዳንድ ፎርድና ፊያት መኪኖች ላይ ግጭት ሲኖር ፓምፑን የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። ከጉድጓድ ጋር በኃይል መላተም ብቻውን ሊዘጋው ይችላል። በመጫን ይመለሳል። የቤንዚን ሽታ ካለ ግን አይንኩት።

እዚህ ላይ ይቁሙ። የቤንዚን ቱቦ በቤት ደጅ አይፈታም። ሞተሩ ጠፍቶም መስመሩ ውስጥ ግፊት ይቀራል፤ ቤንዚኑ ዓይን ላይ ሊረጭ፣ ጢሱም ከአንዲት ብልጭታ ሊያያዝ ይችላል። ሲጋራ በአካባቢው አይኑር። በሀገር ቤት ይደረግ እንደነበረው ቤንዚን በአፍ መሳብም ሳንባን ይጎዳል፤ ለልጆችም አይታይ።

ጋራዡ ሊለካ የሚገባው ሦስት ነገር

የመጀመሪያው የኤሌክትሪኩ ልኬት ነው። ፓምፑ እንዲሠራ እየታዘዘ ሳለ፣ በፓምፑ ሶኬት ላይ ስንት ቮልት ይደርሳል? ከባትሪው ቮልት እምብዛም ሊያንስ አይገባም። ወደ አካሉ የሚመለሰው መሬት ሽቦም መለካት አለበት፤ የዛገ መሬት ሽቦ ፓምፕ አስመስሎ ያታልላል። ሙሉ ቮልት ደርሶ፣ መሬት ሽቦው ደህና ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ፓምፑ ሞቷል፤ ክርክር የለውም። ቮልቱ ካልደረሰ ወይም ካነሰ ግን ጥፋቱ በፊውዙ፣ በሪሌው፣ በኮዳኒቱ ወይም በሽቦው ላይ ይፈለግ። ሪሌ ማለት ኮምፒዩተሩ ፓምፑን የሚያበራበትና የሚያጠፋበት ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የቤንዚኑ ግፊት ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ኢንጀክተር ባላቸው መኪኖች ግፊቱ ብዙውን ጊዜ 3 ባር አካባቢ ነው፤ አንድ ኢንጀክተር ብቻ ባላቸው ቀደምት መኪኖች ደግሞ ወደ 1 ባር ይጠጋል። ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። ፓምፑ ሙሉ ቮልት አግኝቶ እየሠራ ግፊቱ ካነሰ፣ መጀመሪያ ፊልትሮው ተደፍኖ እንደሆነና የግፊት መቆጣጠሪያው እንደሚሠራ ይታይ። ፊልትሮ ከፓምፕ በብዙ ይረክሳል።

ሦስተኛው ጽናቱ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ለተወሰነ ደቂቃ መቆየት አለበት። ወዲያው ከወደቀ ጠዋት የሚያስቸግርዎ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የፓምፑ መመለሻ ከልካይ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል።

ድምፁ ለሁለት ሰከንድ ተሰምቶ፣ ግፊቱም ደህና ሆኖ መኪናው ካልተነሳስ? ያን ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ነው፤ የሞተሩን ዙር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሰንሰር፣ ካንዴላ፣ ኮይል። ዙር የሚነግረው ሰንሰር ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ ፓምፑን ስለማያስነሳ፣ ብዙ ጤነኛ ፓምፕ በዚህ ምክንያት ተቀይሯል። ከተቀየረ በኋላም መኪናው አይነሳም፤ ቀጥሎ «ኮምፒዩተሩ ነው» ይባላል። የተሳሳተ ምርመራ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል የምንለው ለዚህ ነው።

ጋራዥ ሲሄዱ የሚሏቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች

ብዙ ወላጆቻችን ችግሩን ያውቁታል፤ የሚያጡት የዕብራይስጡን ቃል ነው። ይህን ቆርጠው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ሴት ከሆኑ «ሮጼ» የሚለውን «ሮጻ» ይበሉ።

«ቲምደዱ ቤቫካሻ ኤት ላሓጽ ሃዴሌክ።» እባካችሁ የቤንዚኑን ግፊት ለኩ።
«ማጊያ መታሕ ላማሽኤቫ?» ቮልት ፓምፑ ጋ ይደርሳል?
«አኒ ሮጼ ሃጻዓት መሒር ቢኽታቭ።» ዋጋውን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።
«አኒ ሮጼ ለቃቤል ኤት ሃሔሌክ ሃያሻን።» አሮጌውን ዕቃ መውሰድ እፈልጋለሁ።

ጋራዥ ለመክፈት ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመኪና አገልግሎቶችንና ሙያዎችን ፈቃድ የሚመለከት ሕግም በ2016 ወጥቷል። ፈቃዱን አይተው ይግቡ። ዋጋውን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወቁ፣ ሲከፍሉ ሔሽቦኒት ይቀበሉ፣ ለዕቃውና ለሥራው የሚሰጠው ዋስትና በላዩ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ሔሽቦኒት የሌለው ርካሽ ሥራ ሲበላሽ ባለቤት የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ይወቁ። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ ደንበኛውን እንዳያሳስት ይከለክላል። ከዚህም አልፎ፣ ደንበኛው ውሉ የተደረገበትን ቋንቋ አለማወቁን ነጋዴው መጠቀሚያ እንዳያደርገው ይከለክላል። ዕብራይስጥ አለመቻል ነውር አይደለም፤ ሕጉ ራሱ አስቦበታል። ተበድያለሁ የሚል ሰው ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሃዊ ንግድ ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። ገንዘቡን ለማስመለስ ደግሞ ያለ ጠበቃ የሚቀርብበት የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቁት ወረቀት ነው፤ የዋጋ ጽሑፍና ሔሽቦኒት።

ፓምፑ በእርግጥ ከሞተ

ተለክቶ ፓምፑ መሞቱ ከታወቀ ሳያመነቱ ያስቀይሩ፤ አንድ ቀን በመንገድ 65 መካከል ያቆምዎታል። ሲቀየር ግን ከሥሩ ያለው ወንፊት አብሮ ይቀየር፣ የሰርባቶዮው ወለል ይታይ፣ ፊልትሮውም አዲስ ይሁን። ዝቃጭ ባለበት ሰርባቶዮ ውስጥ የገባ አዲስ ፓምፕ ዕድሜው አጭር ነው። ከፈረሰ መኪና የወጣ አሮጌ ፓምፕ በርካሽ ቢቀርብልዎ አይቸኩሉ። የሥራው ዋጋ አንድ ነው፤ የተረፈውን ዕድሜ ግን ማንም አያውቅም።

የፓምፑን ዕድሜ የሚያረዝም አንድ ልማድም አለ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተቀመጠበት ቤንዚን ነው። ሁልጊዜ በጥቂት ሊትር የሚነዳ ሰው ፓምፑን በሙቀት ይጎዳዋል፤ በኢይዝራኤል ሸለቆ በጋ ደግሞ ይበልጥ። ወደ አፉላ ኢሊት ሲወጣም ጥቂቱ ቤንዚን ወደ ኋላ ሸሽቶ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። መለኪያው ሩብ ሲደርስ ይሙሉ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ቀድመው ከፈሉት እንጂ አልጨመሩም።

ለልጆቻችን አንድ ሐሳብ

የጎረቤታችንን መኪና ያስነሳው ዕቃ ሳይሆን መለኪያና መለኪያውን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ይህ ሙያ በዕብራይስጥ ሐሽማላይ ረኸብ ይባላል። ከሠራዊት የወጡ ልጆች ከሚሰጣቸው ፒቃዶን ሊከፍሉባቸው ከተፈቀዱ ነገሮች አንዱ የሙያ ትምህርት ነው። የቤንዚን ፓምፕ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው ብላችሁ አትስጉ። እነዚያም ሽቦ፣ ሪሌና ፊውዝ አላቸው፤ ቮልት የሚለካ ሰው ይፈልጋሉ። ልጃችሁ ዕቃ እየፈታ የሚያድር ከሆነ፣ «ተው» ከማለት በፊት ይህን አስቡበት። ሲመዘገብ ግን ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት በሚኒስቴር የታወቀ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጎረቤታችን ዛሬም በዚያችው መኪና ሥራ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ቀሪ አልመጣም። ጠዋት ከመስኮታችን ሥር ቁልፉን ሲያዞሩ፣ ሞተሪኖውን ከመንካታቸው በፊት ጥቂት ቆም ይላሉ። ምን እንደሚያደርጉ ስንጠይቃቸው «ድምፁን እሰማለሁ» አሉን። «ከሰማሁት መንገዴን እሄዳለሁ። ካልሰማሁት ደግሞ አሁን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አውቃለሁ።»